ከደብረ ብርሃን አፋፍ እስከ ወፍ ዋሻ ፏፏቴ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተጓዘ መንገደኛ ደብረ ብርሃን ሲገባ ዐይኑ የሚያርፍበት ነገር ሁሉ ሜዳ ነው፤ ገብስና ባቄላ የበቀለበት፣ በግ የተሰማራበት፣ ከ2800 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ለነፋስና ለውርጭ የተገለጠ፣ የበሬሳ ወንዝም በዝግታ የሚያቋርጠው ደጋ። ይህን የመሰለ የተንጣለለ ምድር ያየ ሰው፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ ጥቂት ቢጓዝ ሜዳው በድንገት ተቆርጦ ገደል እንደሚሆን፣ ከገደሉም ሥር ጽድና ዝግባ የለበሰ ጥንታዊ ደን እንደሚገኝ፣ በደኑም ውስጥ ከጥቁር አለት ላይ የሚወረወር ውኃ እንዳለ ሊገምት አይችልም። ወፍ ዋሻ የሚባለው ይህ ደን የባሶና ወራና፣ የጣርማ በርና የአንኮበር ወረዳዎች በሚካፈሉት ተዳፋት ላይ ተዘርግቶ ይገኛል፤ ዛሬም ከከተማ ጩኸት ለአንድ ቀን ርቆ በእግሩ ሊሄድ፣ በጥላ ሥር ሊያርፍና ውኃ ሲወርድ ሊያይ የሚሻ ሰው ከሸዋ ምድር ሊመርጣቸው ከሚገቡ ስፍራዎች አንዱ ነው።

ዳሩ ግን መንገዱ ለእግር የቀለለው በራሱ አይደለም። እሳት የደረደረውን እርከን ውኃ ጠርቦት፣ ውኃ የጠረበውን በቅሎ ረግጣው፣ የበቅሎይቱንም ዱካ ነገሥታትና ካህናት፣ ነጋድያንና አርበኞች እየተከተሉ ሲመላለሱበት ኖረው ነው። ደኑም ቢሆን እስከ ዛሬ የቆመው፣ ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው ነገሥታቱ ስለ ጠበቁት ብቻ ሳይሆን፣ ትተውት ስለ ሄዱም ጭምር መሆኑን አምናለሁ። ይህን ለማስረዳት ግን ነገሩን ከድንጋዩ መጀመር ግድ ይሆናል።

የምድርን ጥንተ ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት በዛሬይቱ ኢትዮጵያ ደጋ ምድሪቱ ተሰነጣጥቃ የቀለጠ ድንጋይ ከውስጧ እየፈለቀ በየሜዳው ፈሰሰ፤ አንዱ ፍሳሽ ሲቀዘቅዝ ሌላው እየመጣበት፣ በመሶብ ላይ እንደ ተነባበረ እንጀራ ንብር በንብር እየሆነ ከፍ አለ። ከዚያም በኋላ በሰሜን ሸዋ አዳዲስ እሳተ ገሞራዎች ተነሥተው በቀድሞው ንብር ላይ የራሳቸውን ጨመሩበት፤ የመገዘዝ ተራራ የእነዚህ ቅሪት ነው፤ የጣርማ በርም ስም በሥነ ምድር መጻሕፍት ውስጥ የአንድ ታላቅ የባዛልት ክፍል መጠሪያ ሆኖ ገብቶአል። ቀጥሎም ምሥራቁ ወገን ሰመጠ፤ ደጋው ባለበት ሲቀር ቆላው ወረደና በመካከላቸው ዛሬ ከአንኮበር ቆሞ የአፋርን በረሓ ቁልቁል የሚያዩበት ታላቁ ገደል ተፈጠረ።

ለእግረኛው የሚጠቅመው ዕውቀት ግን ከዚህም ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ነው። እያንዳንዱ የባዛልት ንብር ልቡ ጠጣር ጥቁር ድንጋይ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም ወደ ላይ በቆሙ ባለ ብዙ ማዕዘን ዓምዶች ተሰንጥቆ ይታያል፤ ላዩ ግን ሲፈስስ ጋዝ ስለ ተዘጋበት ቀዳዳማና ልል ነው። በአንዱ ፍሳሽና በሚቀጥለው መካከል ረጅም ዘመን ሲያልፍ ይህ ልል ገጽ አፈር ይሆናል፤ ኋላም አዲሱ ፍሳሽ ትኩሳቱን ይዞ ሲያርፍበት እንደ ሸክላ ተጠብሶ ይቀላል። በገደሉ ፊት በጥቁሩ ድንጋይ መካከል ቀይ መስመር ያየ ሰው፣ ያ መስመር በሁለት እሳቶች መካከል ያለፈ የሰላም ዘመን ምልክት መሆኑን ይወቅ። ወንዝ በዚህ ላይ ሲወርድ ቀዩን ልል አፈር ቶሎ ይበላዋል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ግን ይቆያል፤ ከሥሩ የተቦረቦረው አለትም ድጋፍ ሲያጣ በዓምዱ ስንጥቅ ልክ ቀጥ ብሎ እየተገመሰ ይወድቃል። ፏፏቴ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ በወፍ ዋሻ ያለው ውኃ ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ ሳይሆን በደረጃ በደረጃ እየዘለለ የሚወርደውም ስለዚህ ነው። የዝናቡም ውኃ በባዛልቱ ስንጥቅ ሰርጎ ቀዩ ንብር ላይ ሲደርስ፣ ንብሩ ጭቃማ ስለ ሆነ አያሳልፈውምና ወደ ጎን ሄዶ በገደሉ ፊት ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል። በዚህ አገር ምንጩ ባለበት እርከን መንደር ይገኛል፤ መንደሩ ባለበትም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ የእግር መንገዱም ከእርከን ወደ እርከን እየዞረ የሚወርደው እነዚህን ሊያገናኝ ነው።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በአፋፉ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በጥቂት ርምጃ ልዩነት ዕጣው ይለያያል፤ ወደ ምዕራብ የፈሰሰው በበሬሳ አድርጎ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ገብቶ ግብፅን አጠጥቶ ሜዲቴራኒያን ባሕር ሲደርስ፣ ወደ ምሥራቅ ገደሉን የወረደው ግን አዋሽን ተቀላቅሎ በአፋር ምድረ በዳ ሲጓዝ ይከርምና፣ ባሕር ሳያይ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። የወፍ ዋሻ ፏፏቴዎች ሁሉ የዚህ የሁለተኛው ወገን ናቸው።

የሰው ታሪክ ወደዚህ ምድር ሲገባ በጉልህ የሚታየን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ ማለት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ደጋ ሳሉ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ በስፍራውም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተማይቱም ስሟን ከዚያ ወሰደች። ብርሃኑ የታየው ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ደም በግፍ ከፈሰሰ በኋላ መሆኑን ዜና መዋዕል የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል፤ የዛሬ ተመራማሪዎችም በ1448 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ የታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ትሆናለች ብለው ይገምታሉ። ዘርዐ ያዕቆብ ከዚያ ወዲህ እንደ ቀደሙት ነገሥታት ከሰፈር ወደ ሰፈር መዞሩን ቀንሰው፣ የኋለኛ ዘመናቸውን ብዙውን ክፍል በደብረ ብርሃን ተቀምጠው አሳለፉ።

ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የመጣው ትውፊት የወፍ ዋሻን ደን ከእኚሁ ንጉሥ ስም ጋራ አያይዞ ይናገራል። በመናገሻ ወገን ያለው የወጨጫ ተራራ ተራቁቶ ባዩት ጊዜ፣ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር ተወስዶ በዚያ እንዲተከል አዘዙ ይባላል፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ መናገሻ ሱባ ተብሎ የሚታወቀው ደን አመጣጡ ከዚህ ይቆጠራል። ይህ ትውፊት ምን ያህል ክብደት እንዳለው አንባቢ ያስተውለው፤ ገዳም በገደመ፣ መጽሐፍ ባስጻፈ፣ ጠላት በወጋ የሚመሰገን ንጉሥ በአገራችን ብዙ ነው፤ ደን ተከለ ተብሎ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ በሕዝብ አፍ የሚታወስ ግን ምን ያህል ነው? የወፍ ዋሻ ጽድ በዚህ ነገር እናት ነው፤ ልጁ በሌላ ተራራ ላይ ቆሞአል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ለደጋው የመከራ ዘመን ነበር። ደብረ ብርሃን በኢማም አሕመድ ጦርነት ጠፋች፤ የሸዋም መሳፍንት እንደ ገና በርትተው እስኪነሡ ድረስ ረጅም ጊዜ አለፈ። መርድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንኮበርን መቀመጫው ባደረገ ጊዜ ግን፣ የገደሉ አፋፍ የመንግሥት መንበር ሆነ። ስፍራው የተመረጠበት ምክንያት ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ከተዳፋቱ ተነጥሎ በቆመ ሹል ኮረብታ ላይ ሲሆን፣ ከበታቹ ያለው ቆላ ሁሉ ይታያል፤ ከኋላው ደጋው እህል ይሰጠዋል፤ ከጎኑ ደኑ እንጨት፣ ምንጩ ውኃ ያቀርብለታል። በኮረብታው ዙሪያ የቅዱስ ሚካኤል፣ የመድኃኔ ዓለም፣ የማርያም፣ የቅዱስ ጊዮርጊስና የተክለ ሃይማኖት አብያተ ክርስቲያናት ተተክለው፣ እያንዳንዳቸውም በዐፀዳቸው ውስጥ ዛፋቸውን አቆሙ።

የአንኮበር ክብር ከፍ ያለው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ነው። ከታጁራ ወደብ የተነሣው ሲራራ የአፋርን በረሓ አቋርጦ ፋሬ ሲደርስ ግመሉ ይቆማል፤ ግመል ይህን ዐቀበት አይወጣምና። ከዚያ ወዲያ ሸክሙ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ሆኖ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ አንኮበር ይወጣል። አሞሌ ጨው ወደ ላይ ሲወጣ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሰው ልጅም እንደ ከብት እየተነዳ በዚሁ መንገድ ወርዶ ለባሕር ማዶ ገበያ ይሸጥ ነበር። የመንገዱን ውበት የሚያወራ ሰው ይህን መዝለል የለበትም፤ ዛሬ እኛ በደስታ የምንረግጠውን ድንጋይ ብዙ ሰዎች አገራቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ዞረው እያዩ ረግጠውታል።

በዚህ መንገድ ከአውሮፓ የመጡት ሚሲዮናውያን ክራፕፍና ኢዘንበርግ በ1831 ዓ.ም. ሸዋ ገቡ፤ በ1833 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ከእንግሊዝ የህንድ መንግሥት የተላከው ካፒቴን ኮርንዎሊስ ሐሪስ ብዙ ገጸ በረከት አሸክሞ ይህንኑ ዐቀበት በዝናብና በጭቃ ወጣ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋራ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ሐሪስ ወደ አገሩ ተመልሶ ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ስለ ሰዉ የጻፈው ብዙ ቦታ በትዕቢት የተበረዘ ነው፤ ስለ ምድሩ የጻፈው ግን ሊነበብ ይገባል። ደን የለበሰችውን የእመ ምሕረትን ተራራ፣ የንጉሡ ግምጃ በእርስዋ ዘንድ ይጠበቅ እንደ ነበረ፣ ጉሙም አገሩን እንዴት እንደሚሸፍነው በሰፊው ገልጾአል። ግምጃና ደን በአንድ ስፍራ መሆናቸው በከንቱ አይደለም፤ ዘበኛ የቆመበት ተራራ ምሳር አይገባበትምና፣ ንጉሡ ወርቁን ሲያስጠብቅ ሳያስበው ዛፉንም አስጠብቆአል።

በዚያ ዘመን የሆነ አንድ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል። ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ባለ እጅ በአንኮበር ሥር በሚፈስሰው ወንዝ ላይ የውኃ ወፍጮ ለንጉሡ ሠራ። ውኃው ከእርከን ወደ እርከን በሚወረወርበት አገር ከዚህ የተሻለ ዐሳብ አልነበረም፤ ሴቶችና አገልጋዮች ሌሊቱን በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተጎንብሰው የሚፈጩትን እህል፣ ውኃው ያለ ድካም ይፈጨው ነበር። ካህናቱ ግን መንኰራኵሩ ያለ ሰው እጅ ሲዞር አይተው የአጋንንት ሥራ ነው አሉ፤ ወፍጮውም ተተወ። ሣህለ ሥላሴ ለእጅ ሥራ ትልቅ ፍቅር የነበራቸው ንጉሥ ሳሉ በዚህ ነገር ካህናቱን አለመቋቋማቸው ያሳዝናል፤ የሴቶቹም ጀርባ ከዚያ በኋላ ሌላ ብዙ ዘመን ጎብጦ ኖረ።

ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ወደ መቅደላ ተወስደው፣ በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው ወደ አባቶቻቸው አልጋ በተመለሱ ጊዜ አንኮበር እንደ ገና አበበች። በ1869 ዓ.ም. ግድም ለኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የሚባለውን ስፍራ ሰጡ፤ የመልእክቱ አለቃ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ይባላል፤ በሽምግልናው ዘመን የመጣ፣ አእዋፍን በማጥናትና በመሰብሰብ የታወቀ ሰው ነበር። በዚያው ኖሮ በነሐሴ 1874 ዓ.ም. ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው ነው። የዚህ መልእክት ሰዎች እንስሳትንና ዕፀዋትን እየሰበሰቡ ወደ አገራቸው ልከዋል፤ በኋላ በአገራችን ላይ የመጣውን መከራ የሚያውቅ አንባቢ ከወፍ ሌላ ምን ይመለከቱ ነበር ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የሚደንቀው ግን ይህ ነው። በገደሉ አፋፍ ላይ፣ ልጥ ማረፊያ ባለበት በዚያው አገር፣ ሣር ባለበት ጭንጫ ላይ እየዘለለች እህል የምትለቅም፣ ቡናማ፣ ዝንጕርጕር፣ ለዐይን የማትጎላ ትንሽ ወፍ ነበረች። አንቲኖሪ የወፍ ሊቅ ሆኖ ዓመታት ሲቀመጥ፣ ከእርሱም በኋላ ብዙ ተመራማሪ ሲመላለስ፣ እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ድረስ ይህችን ወፍ ለይቶ ያወቃት ሳይንቲስት አልነበረም፤ በዚያ ዓመት ጆን አሽ የተባለ እንግሊዛዊ አገኛትና ከሦስት ዓመት በኋላ በአንኮበር ስም ተመዘገበች። ከኢትዮጵያ ምድር በቀር በሌላ አገር አትገኝም። የወፍ ሊቅ መቃብሩ ባለበት ተራራ ላይ፣ እርሱ ከሞተ ከ94 ዓመት በኋላ አዲስ ወፍ መገኘቷ፣ ይህ አገር ገና ያልተነበበ መጽሐፍ ስለ መሆኑ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ነገር እመለሳለሁ። ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ፣ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ሲያዛውሩ፣ አንኮበር ከመንግሥት ከተማነት ወረደች፤ ገጣሚው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ በዚያው ዓመት በጋ የጠመንጃ ሲራራውን ይዞ ከታጁራ አንኮበር ሲደርስ ንጉሡን በዚያ ስላላገኘ እስከ እንጦጦ መከተል ግድ ሆነበት። ለአንኮበር ሰው ይህ ውርደት ነበር፤ ለደኑ ግን መዳን ሆነ። የመንግሥት ሰፈር ባለበት አገር ምን ያህል እንጨት እንደሚነድድ ለማወቅ እንጦጦን ማየት ይበቃል፤ የአዲሱ ሰፈር ሠራዊትና አሽከር፣ ጠጅ ቤትና ወጥ ቤት ዙሪያውን ያለውን ዛፍ በጥቂት ዓመት ጨረሰው፤ ንጉሠ ነገሥቱም በማገዶ እጦት ምክንያት ከተማቸውን ትተው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አሰቡ። አዲስ አበባን ካለችበት ያቆማት በ1880ዎቹ ከአውስትራልያ ዘሩ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ያ ሁሉ እሳት በአንኮበር ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ወፍ ዋሻ ዛሬ የአንድ ጥንታዊ ደን ስም ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሁለተኛው መተው የመጣው በመንገድ ነው። የጅቡቲ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የታጁራ ሲራራ ተቋረጠ፤ አልዩ አምባም የአካባቢ ገበያ ሆና ቀረች። ሦስተኛው ደግሞ በጠላት ወረራ ዘመን ነው፤ ኢጣልያኖች ወደ ደሴ የሚወስደውን አውራ ጎዳና በጣርማ በር ተራራውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ በስተው አሳለፉት፤ ዋሻውም እስከ ዛሬ ያገለግላል። ከዚያ ወዲህ ደጋንና ቆላን የሚያገናኘው ሰውና ዕቃ ሁሉ በመኪና በጣርማ በር ሲወርድ፣ የአንኮበሩ የእግር መንገድ ለመንደሮቹና ለደኑ ተለቀቀ። በእነዚያው አምስት ዓመታት የሸዋ አርበኞች ይህን ገደልና ይህን ደን ምሽጋቸው አድርገውት ነበር፤ አገሩን የማያውቅ ጠላት በጉም ውስጥ በእርከኖቹ ላይ ሊከተላቸው አልቻለምና። አርበኛ የሸሸገ ደን በሕዝብ ዘንድ ክብሩ ሌላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በየአገሩ የምናውቀው ነው። በ1967ቱ አዋጅ መሬት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን ደኑም የመንግሥት ደን ተብሎ ተከለለ፤ መንግሥት በተለወጠ ቍጥር ጠባቂው ሲላላ ምሳሩ ይበረታል። ዛሬም ከደኑ ዳርቻ ማገዶ በጀርባቸው አዝለው ወደ ከተማ የሚወጡ ሴቶች ይታያሉ። እነርሱን መውቀስ አልሻም፤ ሌላ ማገዶና ሌላ ገቢ ሳይሰጧት እንጨት አትልቀሚ ማለት ከሆድ ጋራ መሟገት ነው። እንግዳ ለጉብኝት የሚያወጣው ገንዘብ መንገድ ለሚመራው ወጣት፣ ዳቦ ለምትጋግረው እናት፣ በቅሎ ለሚያከራየው ገበሬ ቢደርስ፣ ከሕግ ቃል ይልቅ ደኑን ይጠብቀዋል ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ ይህን መንገድ ሊሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ወራቱን ይምረጥ። በክረምት ውኃው ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ጉሙ ፏፏቴውን ይሰውረዋል፤ ቀዩም ንብር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በበጋው መጨረሻ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ነገር ግን ከትንንሾቹ ፏፏቴዎች ብዙዎቹ በአለቱ ላይ እርጥበት ብቻ ትተው ይጠፋሉ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ ምንጮቹ ጠግበው ይፈስሳሉ፤ ሰማዩ ጠርቶ የአፋር ሜዳ እስከ ዐይን ዳርቻ ይታያል። ከኅዳር በኋላ ያለውን የሌሊት ውርጭ የማይፈራ ጋቢውን ደርቦ ታኅሣሥንም ሊጨምር ይችላል። የበልጉን ዝናብ ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ መጠበቅ ነው። በቅርብ ዓመታት ይህ አገር ጦርነትና ሁከት ስላልተለየው፣ የመንገዱን ሰላም ከአገሩ ሰው ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም።

ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በወረዳው ከተማ በጎረቤላ አድሮ ጠዋት በ1 ሰዓት መነሣት ይበጃል። መሪ መያዝ የግድ ነው፤ በደኑ ውስጥ የእንጨት ለቃሚው፣ የከብቱና የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ እርስ በርሱ ስለሚሻገር፣ የአገር ልጅ ያልያዘ ሰው እርከኑን ይስታል። ለስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ለእጅ ጠንካራ ዘንግ ይበቃል። መንገዱ የሚጀምረው ከላይ ነው፤ በአፋፉ ላይ ጓሳ ሣር፣ ጅብራና አስታ አለ፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎችም በመንጋ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ይገኛሉ፤ ሌሊት የሚያድሩት በገደሉ ፊት ላይ ነውና ሰው ሲቀርባቸው ወደዚያ ይወርዳሉ። ጥቂት ዝቅ ሲሉ ኮሶ ይመጣል፤ ቀላ ያለው አበባው በዘለላ ተንጠልጥሎ፣ ቅርፊቱ እየተላጠ። ከዚያ በታች የጽዱ ግዛት ነው። ከአንድ ሽማግሌ ጽድ አጠገብ ቆም ብሎ ማየት ተገቢ ነው፤ ግንዱ በቁመቱ ተጠማዝዞ፣ ልጡ በቀጭን ክር እየተፈተለ ይለቀቃል፤ የተሰበረ ቅርንጫፍ ቢገኝ ውስጡ ቀይ ሆኖ መዓዛው ይሸታል፤ ምስጥ የማይደፍረው በመሆኑ የቤተ ክርስቲያንና የቤት ምሰሶ ሲሆን የኖረው ይህ ዛፍ ነው። ከቅርንጫፉም የሚንጠለጠለው አመድማ ሽበት ከምድር ሳይሆን ከጉሙና ከዝናቡ ውኃውን እየጠጣ የሚኖር ነው፤ እርሱ በብዛት ያለበት ደን አየሩ ንጹሕ፣ ጉሙም የማይለየው መሆኑን ያስታውቃል። ወደ ታች ዝግባው፣ ወይራውና ጥቁር እንጨቱ እየበዙ ይሄዳሉ፤ በጠዋት በዝምታ የሄደ ሰው የዐፄ ምኒልክን ስም የያዘውን የደጋ ድኩላ ሊያይ ይችላል።

ፏፏቴው ዘንድ ሲደርሱ ወዲያው ከሥሩ መግባት አይገባም። ጥቁሩ አለት በሽበት ተሸፍኖ ያዳልጣል፤ ከላይም የተንጠለጠለው ድንጋይ፣ በተለይ ከዝናብ ማግሥት፣ ሊገመስ ይችላል። በደጋው በኩል ሰማዩ ከጠቆረ፣ በደኑ ላይ ፀሐይ ብትሆንም እንኳ ጅረቱን መሻገር ክልክል ነው፤ ደራሽ ውኃ ከማይታይ ቦታ ይመጣል። በአንዳንዱ ውኃ ሥር ሰዎች ለጸበል ይቆማሉና፣ እንዲህ ያለ ስፍራ ሲያጋጥም እንግዳው ጫማውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፎቶግራፍም ከማንሣቱ በፊት ፈቃድ ጠይቆ ይቅረብ። ከዚያ በኋላ ከጎን ሆኖ ቢመለከት ቀዩ መስመር ከውኃው በስተጀርባ ገባ ብሎ፣ ጥቁሩ ዓምድ ከላዩ ወጣ ብሎ ይታየዋል፤ ከምንጩ የሚወጣው ጠብታም በቀዩ መስመር ልክ ተደርድሮ ሲንጠባጠብ ያገኘዋል።

መውረዱ ቀላል ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የወረደ ሁሉ መውጣት አለበት፤ ለወረደበትም ጊዜ ሁለት እጥፍ ለመውጫው መመደብ ይበጃል። ከቀትር በኋላ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ዐቀበቱን ስለሚወጣ፣ ከ8 ሰዓት በፊት ፊትን ወደ አፋፉ መመለስ የአገሩ ሰው ልማድ ነው። የምኒልክን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽና አምስቱን አብያተ ክርስቲያናት ጨምሮ ሊያይ የሚፈልግ ሰው፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ አይቸኩል፤ የመጀመሪያውን ቀን ለደኑና ለውኃው፣ ሁለተኛውን ለኮረብታው ይስጥ፤ ወደ ኮረብታው የሚወጣውም መንገድ ከጎረቤላ ስለሚነሣ፣ ያው ማደሪያ ለሁለቱም ያገለግለዋል።